መግሪብ ላይ የሚጠፋው መስመር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት በኋላ

ከሥራ ተመለስኩ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ፤ ሚኒባሱ በዳዴ። የምሳ ዕቃዬን ኮምቦልቻ (ከእንግዲህ ኮ/ቻ፤ እጄን ልቆጥብ) ረስቼው መጣሁ። ለእማየ አልነገርኳትም። በዚህ ቤት የመርሳት ወሬ አይነሣም።

የኢንተርኔቱን ስዊች ከፒያሳ ገዛሁት። የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል ጥቁር ሣጥን፣ አምስት ቀዳዳ ያለው። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ሲደሰኩር ቆየ። እኔ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀማል እማየን እንዲያያት።

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ላስረዳሽ። ጀማል ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አዲስ አበባ ይነግዳል። አባየ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ እማየ መርሳት አመጣች። የሰው ስም፣ ቀኑን፣ መነጽሯን ያኖረችበትን። ጀማል ልውሰዳት አለ፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮ/ቻ መ/ቤት ነኝ፤ እሷ ብቻዋን ናት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። ሳሎን ውስጥ ካሜራ ይገባል፤ እሱም ከዚያ እኔም ከኮ/ቻ በስልካችን እናያታለን። ካሜራው ከሠራ እማየ እዚሁ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በሙሽርነቷ በገባችበት ቤት ትቀራለች። ካልሠራ ትሄዳለች።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ገጠምኩት። እኔ! አምፖል ስቀይር እንኳ ወንበር የሚያዝልኝ።

የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው መንገድ ዳር ባለው ክፍል ነው። ራውተሩም እዚያ። ከየመን የመጡት ቅድመ አያቴ የሠሩት ግንብ ደግሞ ክንድ ሙሉ ድንጋይ ነው፤ ዋይፋይ አያልፈውም። ስለዚህ ረጅም ኬብል በኮርኒሱ አሳልፌ ሳሎን አመጣሁ፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀመጥኩት ስዊች ላይ ሰካሁት። ከስዊቹ አንድ ኬብል ከቴሌቪዥኑ በላይ ወዳለው ካሜራ። ሌላ አጭር ኬብል ለእኔ ላፕቶፕ። የተረፉት ቀዳዳዎች ባዶ።

እንደገባኝ ከሆነ ስዊች ማለት አንድ መስመር ተቀብሎ የሚያካፍል ነው። ደንቆሮ አከፋፋይ ግን አይደለም። የትኛው ቀዳዳ ላይ ማን እንዳለ እያየ ይለምዳል፤ የካሜራውን ለካሜራው፣ የእኔን ለእኔ ያደርሳል። አረንጓዴ መብራቶቹ በየተራ ብልጭ ብልጭ ሲሉ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

እማየ ይሄ ምንድነው አለች። የኢንተርኔት ዕቃ ነው አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ጀማል አዲስ አበባ ሆኖ አያት። ደወለና ጥሩ ነው አለ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ከጠፋ… አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ማታ 2 ሰዓት

ጠፋ። ትናንትም ጠፍቶ ነበር። ሁለቱንም ቀን መግሪብ አካባቢ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እኔ ገና መንገድ ላይ ሳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን እያየሁ ነው። እማየ ከሶፋው ትነሣለች። ወደ ካሜራው ትመጣለች። ከምስሉ ትወጣለች። ከዚያ ጨለማ።

ቤት ስገባ የስዊቹ መብራቶች ሁሉም አንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። በንዴት ኬብሉን ሁሉ ነቃቀልኩና እንደ አዲስ ሰካሁት። ዳነ። ምን እንዳዳነው ግን አላወቅሁም። ነገ ደግሞ ምን ላደርግ ነው?

ጀማል ደጋግሞ ደውሎ ነበር። መብራት ጠፍቶ ነው አልኩት። ለጊዜው አመነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትናንትም፣ ዛሬም። የመብራት ሰበቤ አለቀ። ጀማል ስለ መብራቱ የሰፈር ጓደኛውን ጠይቆ ኖሯል። በርካሽ ዕቃ የእናታችንን ነገር ትጫወቺበታለሽ አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። እማየ መጥታ አብሽሪ አለችኝ፤ ለምን እንደማለቅስ ሳትጠይቅ።

አዲስ አበባ ብትሄድ ክፉ አይደለም ይላል አንዱ ልቤ። ሐኪም አለ። የልጅ ልጅ አለ። ሌላው ልቤ ደግሞ በሌሊት ተነሥታ የማታውቀውን በር ስትፈልግ ያያታል። እዚህ እኮ ዐይኗን ጨፍና ትሄዳለች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። ላፕቶፔ እንደተሰካ ነው የዋለው። መግሪብ መጣ፣ አለፈ። ምንም አልሆነም። መብራቶቹ በየተራቸው ብልጭ ይላሉ።

አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ክፉ ሐሳብ። እኔ ሳለሁ አይጠፋም፣ ሳልኖር ይጠፋል። እኔ በሌለሁበት ቤቱ የሚገባ ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ ጎረቤታችን እትየ ሩቅያ። ቁልፍ አላቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ብቅ ብለው እማየን አይተው፣ ተጫውተው ይሄዳሉ። ካሜራው እንዳለ ያውቃሉ፤ ሳሳያቸው ፊታቸውን አዙረው አስተግፊሩላህ ብለው ነበር። መታየቱን ጠልተው ቢነቅሉትስ?

እሳቸው ናቸው። በቃ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ቁልፉን ተቀበልኳቸው። ቅጂ ላስወጣበት ነው ብዬ። እትየ ሩቅያ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ቤቱ የናንተ ነው ልጀ፣ አሉ። ምነው በጮኹብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማታ

ትናንት ማታ ጠፋ። ዛሬ ማታም ጠፋ። እትየ ሩቅያ ደጃፋችንን አልረገጡም። እማየ ሁለት ቀን ብቻዋን ውላለች። ሩቅያን ምን ነካት፣ አሟት ይሆን እያለች ትጠይቀኛለች። የሁሉን ስም ስትረሳ የእሳቸውን አልረሳችም። ያፈርኩት ማፈር! ተነሥቼ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ እላለሁ፤ እግሬ አይነሣም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ምሳ ሰዓት፣ ኮ/ቻ

ሙቀቱ አናት ይበሳል። የመ/ቤታችንን ኮምፒውተሮች ለሚጠግነው ለሰይድ ነገርኩት። ሁሉም መብራት አንድ ላይ ይርገበገባል ስለው ሳቀ። አንድ ኬብል በሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊቹ ላይ ተሰክቶ ነው አለ።

እንዲህ ነው ያስረዳኝ። አንዳንድ መልእክት ለሁሉም የሚነገር ነው፤ ስዊቹ በሁሉም ቀዳዳ ይለቀዋል። ኬብሉ ዞሮ እዚያው ከገባ፣ በአንዱ ቀዳዳ የወጣው በሌላው ይመለሳል። ስዊቹ አዲስ መስሎት እንደገና ለሁሉም ይለቀዋል። ያም ይመለሳል። ሸዋበር ላይ ያወራው ወሬ ፒያሳ ደርሶ ሲመለስለት ሰማችሁ ወይ ብሎ እንደሚያወራ ሰው። ማቆሚያ የለውም። በመጨረሻ ለቁም ነገር ቦታ ይጠፋል።

አጭሩ ኬብሌ ነዋ! ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ስወጣ አንድ ጫፉን ስዊቹ ላይ ትቼው፣ ሌላው ጫፍ መደርደሪያው ላይ ተንጋሎ ይቀራል። አንድ ሰው ያነሣዋል፣ ባዶው ቀዳዳ ውስጥ ይሰካዋል። እሑድ ግን ጫፉ ላፕቶፔ ላይ ነበር።

አንድ ሰው ማለት ደግሞ አሁን እማየ ብቻ ናት። ጀማል ይህን ከሰማ አለቀ። የምታደርገውን አታውቅም ይላል። እኔስ ምን እላለሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ማታ 3 ሰዓት

ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ ቀደም ብዬ ወጣሁ። መግሪብ ሳይደርስ ቤት ገባሁ፤ በጓሮ በኩል፣ ድምፄን አጥፍቼ። እናቴን እንደ ሌባ ተደብቄ ማየቴ አስጠላኝ። ግን አየሁ።

እማየ ተነሣች። የውሃውን ማሰሮ ከደነች። ቢስሚላህ። መስኮቱን ዘጋች። ቢስሚላህ። የዱቄቱን ከረጢት አፍ ቋጠረች። የቡታጋዙን ቁልፍ በእጇ አረጋገጠች፤ ጥብቅ። ወደ ሳሎን መጣች፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ጎንበስ አለች። የተንጋለለውን ኬብል አነሣች፣ ባዶውን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች፣ ሰካችው። ጠቅ። ቢስሚላህ። መብራቶቹ አበዱ። እሷ ግን ቤቷን ዘግታ እንደጨረሰች ሴት ረጋ ብላ ሄደች፣ ለሶላት ልትታጠብ፣ ውዱዕ ልታደርግ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው እኮ ነው። መግሪብ ሲቃረብ ዕቃ ይከደናል፣ በር ይዘጋል። በአላህ ስም የተዘጋን ሸይጧን አይከፍተውም። እኔ ባዶ ቀዳዳና የተንጋለለ ኬብል ትቼ እሄዳለሁ፤ እሷ ትዘጋልኛለች።

በእንባዬ መሐል ሳቅሁ። ከዚያ ቀጥታ እትየ ሩቅያ ቤት። ቁልፉን መለስኩ፣ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ። ጠርጥሬዎት ነበር አልኳቸው። አውቄያለሁ አሉ፣ ማታ ማታ ዱዓ ሳደርግልሽ ነበር። ከዚህ በላይ ቅጣት የለም።

ለጀማልም ሳልደብቅ ነገርኩት። የሚስቅ መስሎኝ። አልሳቀም።

«ዛሬ ሽቦ ነው። ነገ ቡታጋዝ ቢሆንስ?»

እሷ የምትዘጋ እንጂ የምትከፍት አይደለችም ብዬ ተከራከርኩ። ሰዓት አላት፣ ሥርዓት አላት፣ ከእኔ ይልቅ ቤት ትጠብቃለች አልኩት። ቅዳሜ በመኪና መጥቼ እወስዳታለሁ ብሎ ዘጋ። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ማንም እሷን እንዳልጠየቃት ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ጭምር።

ጠየቅኋት። ጀማል ሊወስድሽ ይፈልጋል፣ ትሄጃለሽ ወይ?

«ልጄ ከጠራኝ እሄዳለሁ። ይኸን ቤት ግን ማታ ማታ ማን ይዘጋዋል?»

ወደ ካሜራው በአገጯ አመለከተችኝ።

«ያ የጀማል ዐይን ነው አይደል?»

ደነገጥኩ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። ጋቢ ሳልደርብ መቀመጤን አዲስ አበባ ላለ ሰው ማን ነገረው አለች፤ በስልክ ተቆጥቷት ኖሯል፣ ብርድ ላይ ለምን ትቀመጫለሽ ብሎ። ተናደሽ እንደሆን ጠየቅኋት። እናት ልጇ ቢያያት ምን ያናድዳታል፣ አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«በየጧቱ አሰላሙ አለይኩም እለዋለሁ። አይመልስልኝም። ሰላምታ መመለስ ግዴታ መሆኑን እኔው ነበርኩ ያስተማርኩት።»

ካሜራው ድምፅ አለው፤ መስማትም መናገርም ይችላል። እኔ መ/ቤት ስለሆንኩ ዘግቼ ነው የማያት። እሱም ሱቅ ስለሆነ ዘግቶ። ሁለታችንም ስናያት እንጂ ስንሰማት አልነበረም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ኮ/ቻ

አጭሩን ኬብል ይዤው መጣሁ። ባዶዎቹን ቀዳዳዎች በፕላስተር ሸፈንኳቸው። እማየ አይታ አሁን ጥሩ ነው አለች።

ጀማልን በጠዋት ደወልኩለት። ድምፁን ክፈተው አልኩት። ደንበኛ አለብኝ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአባየ ይሁንብህ አልኩት። ከፈተው። እኔም ጆሮ ማዳመጫዬን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ፤ ስልኩን በሌላው ጆሮዬ ይዣለሁ።

እማየ ብቅ አለች። ሻሿን አስተካከለች፣ እንግዳ እንደመጣ። ካሜራው ፊት ቆመች። አሰላሙ አለይኩም ጀማል፣ አለች። ጠበቀች። እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው አለች። እየመለሰላት ይመስል በየመሐሉ ታርፋለች። መናገሪያውን እኔ መጫን እችላለሁ። አልተጫንኩም። ሰላምታው የእሱ ነው።

ከስልኩ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

ቆየችና፣ ሥራ ይዞት ነው፣ አላህ ይርዳው፣ አለች። ሄዳ ተቀመጠች።

ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች ወይ አለኝ ጀማል። በየጧቱ አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

ነገ መኪናውን ይዞ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። መልሼ አልደወልኩለትም። አለቃዬን ነገ አልገባም ብዬዋለሁ። ከመጣ በሩ ላይ የሚያገኘው እኔን ነው። ሻንጣዋን አላዘጋጅም፣ እጇንም ይዤ አላወጣት። እማየ መኪናው ውስጥ የምትገባው በገዛ እጇ ቤቷን ቆልፋ፣ ቢስሚላህ ብላ ከወጣች ብቻ ነው። ያለዚያ መኪናው ባዶውን ነው የሚመለሰው።