የአንኖውን አርቲስት ዝናና ውድቀት

ይድረስ ለሁለተኛ ዲግሪው ሕንድ አገር ለተቀመጠው ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሳሙኤል።

ጋሼ፣ አስቀድሜ መርዶ አለብኝና ቁጭ ብለህ አንብብ። ከወር በፊት ወደ ሱቃችን መጥቶ በትጋትና በቅንነት ሲያገለግለን የቆየው የዘፈን ማደራጃ ፕሮግራም፣ የነጻ ሙከራ ዘመኑ አብቅቶ ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከመካከላችን ተለይቷል። ሞቱ ድንገተኛ አልነበረም፤ «ይህን ያህል ቀን ቀርቶኛል» እያለ በየማለዳው ሲናዘዝ ሰንብቷል። በስንብቱ ላይ እኔ፣ ባለቤቴ ፀደንያና ዘፈን ሊያስጭን የመጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ተገኝተናል። ሹፌሩ ወጉ አይቅር ብሎ ኮፍያውን አውልቋል።

ሰው የሞተ መስሎህ ከደነገጥክ ይቅር በለኝ፤ ሰውስ ሁሉም ደህና ነው። አንተስ እንዴት ነህ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ሆድህ እንዴት ነው? የአገሩ ሙቀት ለቀቅ አደረገህ? በርበሬያቸውና ጨጓራህ ታረቁ ወይስ ሽማግሌ እንላክ? እኛን ብትጠይቅ፣ ዝናቡ ታኅሣሥ መግባቱን ገና አልሰማም፤ መብራቱ እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንተ ስትሄድ ስልክ ብቻ ትጠግን የነበረችው ሱቃችን አሁን ዘፈን ትጭናለች። ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ ሞልቼ እሸኘዋለሁ። ዘፈኖቼን የት እንደማስቀምጥ ብትጠይቀኝ አሠራሬ ግልጽ ነው፤ «ኒው» የሚባል ፎልደር ውስጥ። እሱ ሲሞላ «ኒው ኒው» ከፈትኩ። ከዚያ «የመጨረሻ» መጣ፤ ከዚያም «የመጨረሻ እውነተኛው»። አንድ ዘፈን ፍለጋ ስገባ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል።

የባሰው ግን የስሙ ነገር ነው። ግማሾቹ ዘፈኖች ስም የላቸውም፤ ስም የሌለውን ዘፈን ደግሞ ስልክ ሁሉ «አንኖውን አርቲስት» ብሎ ይጽፈዋል። ዘፋኙ አይታወቅም ማለቱ ነው። የቦንጋ ሰው ግን የሰው ስም መሰለው። አንድ ሹፌር መጥቶ «አብነት፣ የአንኖውን አዲስ ሥራ ገብቷል?» አለኝ። የትኛው አንኖውን ብለው፣ «እንዴ፣ ትግርኛም ኦሮምኛም ጉራጊኛም የሚዘፍነው ነዋ፤ አንዳንዴም በሴት ድምፅ ይዘፍናል፤ ልጁ እኮ የማይችለው የለም» አለ። ጋሼ፣ በዚህ አገር ብሔር ብሔረሰቦችን ሁሉ በእኩልነት ያገለገለ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ግምገማ ላይ ቢቀመጥ እንኳ እንከን አይወጣለትም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፤ ጋሽ ደምመላሽ እስኪመጡ ድረስ። መቼም አትረሳቸውም፣ በእኔና በፀደንያ ሰርግ ላይ ከደካ መጥተው የዘፈኑልን ናቸው። አምና ሱቄ ውስጥ በካፊኖኖ ቋንቋ የሚዘፍኗቸውን የሰርግ ዘፈኖች ቀድቼላቸው ነበር። ዘፈኖቹ ከአንዱ ሚሞሪ ወደ አንዱ እየዘለሉ አገር አዳረሱ፤ ማን ተብለው? አንኖውን ተብለው። እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን ባጃጅ ሲሳፈሩ ድምፃቸውን ሰምተው «ይህ እኮ እኔ ነኝ» ቢሉት፣ ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸውና «ይተዉ እንጂ ጋሼ፣ ተጽፏል እኮ፤ አንኖውን ነው» አላቸው። ሒሳብም አልቀነሰላቸውም።

ከዚያ ቢታ ገነት ላይ አንድ ጮሌ ተነሣ። «አንኖውን ማለት እኔ ነኝ» ብሎ ሰርግ ቤት ቆመ፤ ዘፈኑን ከስፒከር አስከፍቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተሸለመ። ወሬው ጅማ ደረሰ። እዚያ ለጥር ልጃቸውን የሚድሩ የካፋ ሰዎች ነበሩና፣ ወጉ በቋንቋችን ይሁን ብለው ዘፋኝ ሲያፈላልጉ ጋሽ ደምመላሽም ያም ሰው «የዘፈኖቹ ባለቤት እኔ ነኝ» አሏቸው። እማዬ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ዘፍነው አያሳዩም?» አለች። ዘፈኑ እኮ፤ ሁለቱም በስልክ ዘፈኑ። መስመሩ እየተቆራረጠ ሁለቱም ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተሰሙ። በመጨረሻ የጅማዎቹ «እስከ ጥምቀት ድረስ ስሙ ተጽፎበት የሚዞረውን ዘፈን ያሳየን ሰው ይዘፍናል» ብለው ቆረጡ። ሰርጉ ትልቅ ነው፤ እዚያ የዘፈነ ሰው ለዓመቱ ሰርግ ሁሉ ይጠራል። ጋሽ ደምመላሽ ለአሥራ ምናምን ዓመት የዘፈኑበት ስም በአንድ ጮሌ ከንፈር ሊወሰድ ነው።

አሁን ሟቹ ፕሮግራም ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ልንገርህ። ዘፈኑን እንደ ዳኛ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። «ይህና ያኛው አንድ ናቸው፣ አንዱ ይውጣ» ይላል። አንዴ የጻፍከውን ስም በመቶ ዘፈን ላይ ባንድ ጊዜ ያትምልሃል። ከሁሉ በላይ ፊደላችንን ያነባል። ዕውቀቱ ወሰን የለውም አልልህም፤ የደካን የሰርግ ዘፈን አዳምጦ የፊንላንድ አኮርዲዮን ነው ብሎኛል። ግን ስታርመው አያኮርፍም፤ ከእማዬ የሚለየውም በዚህ ነው።

እኔም ደስታ ራሴ ላይ ወጥቶ ሥራው በሥርዓት ይሁን አልኩና ዘፋኞቹን በፊደል ተራ ከ«ሀ» ጀመርኩ። ለ«ለ»፣ ለ«መ»፣ ለ«ሠ»፣ ለ«በ» ስም ስሰጥ ሰነበትኩ። ሐሙስ ዕለት «የ»ን ጨርሼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ፕሮግራሙ አርፏል። ከ«የ» ቀጥሎ ማን እንዳለ አንተም ተምረሃል፤ «ደ»። ጋሽ ደምመላሽ ሲሰሙ ኮምፒውተሩን ትክ ብለው አይተው «ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ደብተሩ እኔ ጋ ሲደርስ ያልቅ ነበር» አሉ።

በሌላ መንገድ አልሞከርክም እንዳትለኝ። በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ስማቸውን ጻፍኩ፤ ስልኩ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ጋሽ ደምመላሽ አዩና «እነዚህ አምስት ሳጥኖች እኔ ነኝ?» አሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስጽፈው ሹፌሮቹ የውጭ ዘፋኝ አደረጓቸው። ደግሞም አንዱን ዘፈን ሳርም ስም የሌለው መንትያው «ኒው ኒው» ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሌላ ሚሞሪ ላይ ይወጣል። ከዚያ አንድ ወዳጄ ቁልፉ የተሰበረ የፕሮግራሙን ኮፒ በፍላሽ አመጣልኝ፤ በነጻ። በከፈትኩት ደቂቃ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። አቋራጭ ፈልጌ አቋራጭ ብቻ ቀረልኝ። ዘፈኖቹን ከቫይረሱ አፍ ለማውጣት ቅዳሜን ሙሉ ታገልኩ።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ይገዛ ወይስ አይገዛ በሚለው አጀንዳ ላይ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። ዋጋው ሠላሳ ዶላር ነው። እማዬ በማር መነዘረችውና «ስም ለማውጣት ይህን ያህል? አንተን ክርስትና ያነሱህ ቄስ ስምህን ሰጥተውህ የበሉት አንድ ቁራሽ ዳቦ ነው፤ ያውም ስምህ ሳጥን አልሆነም» አለች። ፀደንያ ግን እንደ ኦዲተር ነው የጠየቀችኝ፤ አንዴ ነው የሚከፈለው ወይስ በየዓመቱ? አንዴ ነው፣ ነገር ግን አዲስ እትም ቢወጣ በዚያው ዋጋ አይሰጡንም። መብራት መጥቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ቢቃጠልስ? ቁልፉ ወደ ሌላ ይዛወራል። ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል? ስም መጻፉንና መንትያ መለየቱን ይሠራል፤ ፊንላንድ ፊንላንድ ማለቱ ብቻ ይቀርብናል። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ ተነሣሁና «ዘፈኖቼ ሥርዓት ከያዙ ደንበኛ ይበዛል» የሚል ልማታዊ ንግግር አደረግኩ።

ጋሽ ደምመላሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ንግግሬን አስጨርሰው በዝግታ «ዘፈኖቼ ትላለህ፤ የት ነው የዘፈንከው?» አሉኝ። ቀጠሉና «ለዘፈኔ አምስት ሳንቲም አልሰጠኸኝም፤ አሁን ስሜን ለሚጽፍልኝ ፈረንጅ ሠላሳ ዶላር ልትከፍል ነው?» አሉ። ጋሼ፣ ከቆምኩበት ቁጭ አልኩ። እማዬ ጣሪያውን አየች። «ልክ ናቸው» አለች ፀደንያ፣ «ፕሮግራሙ ይገዛል፤ ሥራው ከ‹ደ› ይጀምራል፤ ከዛሬ ጀምሮ የጋሽ ደምመላሽን ዘፈን ያስጫነ ሰው የከፈለው ግማሹ የእሳቸው ነው። ስማቸውን ጽፈን ድርሻቸውን ካልሰጠን ከቢታ ገነቱ ሰውዬ በምን ተሻልን?» አለች። በዚህም መሠረት ጉባኤው ሰፊና ጥልቅ ውይይት ካካሄደ በኋላ ፕሮግራሙ እንዲገዛ፣ ክፍያውም እንዲከፈል በአንድ ድምፅ ወስኗል። ጋሽ ደምመላሽ ሲወጡ ከደጅ ሆነው ያንጎራጉሩ ነበር፤ እኔም ሳልቀዳው ዝም ብዬ ሰማሁት።

እንግዲህ የቀረው የአንተ ድርሻ ነው። ዕቃው የሚሸጠው በኢንተርኔት በካርድ ነው፤ ያ ካርድ ደግሞ ከቦንጋ እስከ ጅማ ቢፈለግ አይገኝም። አንተ እዚያ አለህ አሉ። ከጥምቀት በፊት ገዝተህ ቁልፉን በኢሜል ላክልኝ፤ በስልክ አታንብብልኝ፣ በዚህ መስመር «ቢ»ና «ዲ» አንድ ሰው ናቸው። ይህን ደብዳቤም በኢሜል እልከው ነበር፤ ነገር ግን ማርና ኮረሪማ በኢሜል አይሄድም። ከኮሌጁ ወደ እናንተ የሚመጣው መምህር በዛብህ ሦስቱንም ይዞልህ ይመጣል። ማሩ የሠላሳው ዶላር ምላሽ ነው፤ ኮረሪማው የፍቅር ነው። መንገድ ላይ ከቀመሰ ማሩን እንጂ ኮረሪማውን አይነካም፣ እማዬ አስምላዋለች።

እማዬ «ሹራቡን ይልበስ» ትልሃለች፤ ሙቀት ነው ብላት «ለሌሊቱ» አለች። ፀደንያ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሃለች። ልጃችን ማዕረግ ፎቶህን እያየ «ጋሼ» ማለት ጀምሯል፤ ፖስተኛውንም «ጋሼ» ስለሚል ብዙ አትኩራ። ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ ሚስት ይዘህ እንዳትመጣ አደራ ብለዋል፤ እዚህ አይተውልሃል መሰለኝ። ጋሽ ደምመላሽ ሰላምታቸውን በሙሉ ስማቸው ጻፍልኝ ብለዋልና፣ ደምመላሽ ገብረወልድ ሰላም ይሉሃል። አብረውህ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እግዚአብሔር በደህና ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምህ አብነት
ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ማስተካከያ፦ ከላይ ስለ እሑዱ ጉባኤ በተሰጠው መግለጫ ውስጥ «በአንድ ድምፅ ወስኗል» ተብሎ የተጻፈው «በአንዷ ድምፅ ተወስኗል» ተብሎ እንዲነበብ፣ ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት ያነበበችው ባለ ድምጿ አዛለች።