ክንፋሟ ልጅ ምን አለች?

ውድ ቢሻው፣

በጫግኒ ሙቀት ቀለጥክ ወይስ አለህ? ባጃጅ ትነዳለህ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የኮሶበር ብርድም እንደተውከው ነው። የጻፍኩልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ካንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም።

ስድስቱን አገኘኋቸው! እነዚያን እትዬ ካሳነሽ ቪዲዮ ቤት አንተ ማይክ ይዘህ የምትተረጉምልንን የካርቱን ጀግኖች ማለቴ ነው። የኮሌጅ ዶርሜ ልጅ ናርዶስ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ክፍል አለ። ክላስ እየቀረሁ ጨረስኳቸው።

ወይ ቢሻው! ስንቱን ነው የቀላመድክብን? ያ ድንጋይ የሚያደቀው ሰውዬ ስሙ አበረ አይደለም እኮ! አለቃቸውም አንድ ቀን እንኳ ጠላቱን "በሕግ አምላክ!" ብሎ አያውቅም። ደግሞ ስድስት ሆነው ሳለ "እነዚህ ሰባት ቤት አገው ናቸው" ብለኸን ነበር። ፈረሰኛው ጋሽ ትዕዛዙ ቆጥረው "ሰባተኛውስ የታለ?" ሲሉህ፣ ምንም ሳታፍር "ፈረስ ሊጭን ሄዷል፣ ይመጣል" አልካቸው። እሳቸውም ጠበቁ፣ እኔም ጠበቅኩ። እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ሰባተኛ የሚባል ሰው የለም።

እሱስ ይሁን። ጥያቄዬ ስለ ስድስተኛዋ፣ ስለ ክንፋሟ ልጅ ነው። ከሌላ ዓለም ወድቃ መጥታ፣ አምስቱ ከበዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ስትከፍት "ውኃ ጠማኝ ነው የምትለው" አልክ። የክፍላችን ልጅ ምንይችል ከኋላ ብድግ ብሎ "ኧረ ባክህ! ተራራ የምታነሣ ልጅ ውኃ ጠማኝ ትላለች? ይሄ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም እኮ!" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንተ ማይኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። ከዚያ ወዲያ ጫግኒ ገባ ተባለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቀረህ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ከአዲስ ቅዳም ገጠር መጥቼ እዚህ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን አማርኛ አልችልም ነበር። በአገውኛ ስናገር ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። አንተ ከፊቴ ዞረህ አየኸኝና ለመምህሩ "ውኃ ጠምቷት ነው" አልክልኝ። ያን ቀን ስሜን እንኳ አታውቀውም ነበር።

ታዲያ ሰሞኑን ያንን ቦታ ከፈትኩት። የሚናገሩት ሁሉ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ልጅቷ ስትናገር ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? "በማይታወቅ ቋንቋ ትናገራለች።" በቃ! አምስቱም እርስ በርስ እየተያዩ "ምን አለች?" ይባባላሉ። ከዚያም በኋላ ማንም አይነግረንም። ናርዶስ "ሠሪዎቹም አያውቁትም፤ ዝም ብለው የፈጠሩት ድምፅ ይሆናል" አለችኝ። እና ምንይችል ከየት አምጥቶ ነው ተሳስተሃል ያለህ? ጠርቼ አሳየሁት። ደጋግሞ አየውና አንገቱን እያከከ "እኔ ምን ላውቅ፣ ሰላም በይልኝ" አለ።

አሁን እውነቱን ንገረኝ። ያን ጊዜ ትዝ ያልኩህ እኔ ነበርኩ? ወይስ አፍህ ላይ የመጣልህን ነው የተናገርከው? በሞቴ፣ እንዳትዋሸኝ። መዋሸትህን ድምፅህን ሰምቼ ነው የማውቀው፤ ስለዚህ በደብዳቤ አትመልስልኝ።

ሁሉንም በፍላሽ ይዤልሃለሁ። እትዬ ካሳነሽም ማይኩን በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ትናንት ጋሽ ትዕዛዙ መንገድ ላይ አስቁመውኝ "ያ ሰባተኛው መጣ እንዴ?" አሉኝ። የለም ማለት አቃተኝ፤ "ገና ፈረሱን እየጫነ ነው" አልኳቸው። "ምን ዓይነት ፈረስ ነው ተጭኖ የማያልቅ?" ብለውኝ ሄዱ።

ቢሻው፣ በጣም ናፍቀኸኛል። ጭነህ ጨርስና ና።

ዛሬም ውኃ የሚጠማት፣
የሻረግ