የጋሽ ሁመድ ግመልና የአንተ ወሬ

አያ ደምሴ፣ ወንድሜ፣

ወደ ቆላ እንደ ወረድክ ከቀረህ እነሆ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደ ወጉ «አፈሩ ይቅለልህ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አፈርህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አሸዋ ነው፣ ቀላል ነው፤ በሱ አልሰጋም። የምጽፍልህም ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም። ቀንቼብህ ነው። በሕይወት ሳለህ ስቀናብህ ኖርኩ፤ ስትሞት ይተወኛል ብዬ ነበር፣ አልተወኝም።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መሬቱ ለአራሹ ሆኗል። አባዬ ካመረተው ለባለመሬቱ መስፈር ቀርቶለታል፤ አውድማው ላይ ቆሞ የሚጠብቀው የለም። የገበሬ ማኅበሩም ዳኛ አድርጎ መርጦታል። ድሮ ጎንበስ ብሎ ከመንገድ ይወጣላቸው የነበሩትን ሰውዬ ዛሬ «ተራዎን ይጠብቁ» ይላቸዋል፤ ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ «ደግ አላደረግሁም መሰለኝ» እያለ ይብሰለሰላል። በቅሎህ በዚያው በድርቁ ክፉ ቀን ሞተች። ኮርቻዋን እማዬ ከራስጌዋ አኑራዋለች፤ ማንም ቢለምናት አትሰጥም። እማዬ ሰውነቷ ተመልሷል፣ ሳቋ ግን ገና ነው።

እኔም ጤና ረዳት ሆኜ ተመርቄልሃለሁ። አብረውኝ የጨረሱት ደሴ ለመቅረት ሲለማመጡ እኔ ከባቲ በታች፣ በረሃው አፋፍ ላይ ያለውን የድርቅ ተጎጂዎች መጠለያ ለምኜ አገኘሁ። ወገኔን ላገለግል ነው አልኳቸው። እውነቴን ነው። ግማሹ ምክንያት ግን አንተ ነህ።

ታስታውስ የለ? ጨው ጭነህ መካነ ሰላም በገባህ ቁጥር ቤታችን ሰው ይሞላ ነበር። አንተም ፊትህን ሳትታጠብ ትጀምራለህ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወዳጅህ ሁመድ ግመል ላይ ያወጣሃል፤ አሸዋው እንደ በሰለ ዳቦ ቀልቷል፤ አንተ ገመዱን ለቀህ፣ እጅህን አጣምረህ እያፏጨህ ትጋልባለህ። ከዚያ ራት፣ ከዚያ ኮከብ። እማዬ እንዝርቷን ታቆማለች። አባዬ አፉን ከፍቶ ይሰማሃል። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ የመጣሁ ዕለት እንኳ አባዬ «ጎበዝ» ብሎኝ ወዲያው ወደ አንተ ዞረ፤ «እስቲ ያችን የግመሏን ነገር ድገማት» አለህ። እኔንም ውሰደኝ ስልህ ምን አልከኝ? «አንቺን እንኳን ግመል የጎረቤትም አህያ ጥላሻለች።» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ማሠልጠኛው ድረስ ተሸክሜው ሄጃለሁ።

መጠለያው በገባሁ በሰሞኑ አንድ ሰውዬ ትኩሳት የያዛት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው መጡ። መርፌውን ስወጋት እሳቸው የሚያዩት አፌን ነው። «ይቺ ፍንጭት የደምሴ ናት» አሉ። ጋሽ ሁመድ ነበሩ። እዚያው ቆመን አለቀስን። ልጅቷ ስትድን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ግመል እየሳቡ ደጃችን ድረስ መጡ። ከነዚያ ሁሉ ግመሎቻቸው ድርቁ የተወላቸው ይቺን ብቻ ነው። «ወንድምሽ ራት ይበላ የነበረበት ልውሰድሽ» አሉኝ።

አያ፣ ግመል ስትነሳ በፊት ከኋላዋ ነው የምትነሳው፤ ይኼን ለምን አልነገርከኝም? አናቷን አልፌ የምወድቅ መስሎኝ ጮህኩ። ጋሽ ሁመድ «አብሽሪ፣ አትጥልሽም» አሉ። አልጣለችኝምም። ትንሽ እንደ ሄድን ወገቤ ለመዳት። ነፋሱ ሞቆ ነጠላዬን ያነሳዋል፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ትወርዳለች፣ አሸዋው አንተ እንዳልከው ቀልቷል። በወሬህ አልዋሸህም ብዬ ደስ እያለኝ፣ «ደምሴ ገመዱን ለቆ ሲያፏጭ የነበረው እዚህ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጋሽ ሁመድ ቆሙ። ግመሏም ቆመች። «ማንን ነው ግመል ላይ ያወጣሽው?» አሉ። «ወላሂ፣ ደምሴ ግመል አልጋለበም። አንድ ቀን አወጣሁት፤ ገና ከኋላዋ ብድግ ስትል ድረሽ ማርያም ብሎ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ ገመዷን እየሳበ በእግሩ ነው። ማፏጨቱንስ ያፏጭ ነበር።»

አያ ደምሴ፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ብታየኝ። ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ያልጋለብከውን ግመል ስቀናበት ኖሬአለሁ፤ ይኸው እኔ ጋለብኩት፤ ያውም ሴቷ፣ አህያ የሚጥላት። አባዬ ይኼን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ የቀረውን መንገድ ጨረስኩት።

ራቱ እንደ ወሬህ አልነበረም። አንተ በእጅህ ታርድ ነበር አሉ፤ እኔ ሴት ነኝ፣ አላርድም፤ እነሱ ያረዱትንም አልበላም። ፍየሉም ቢሆን ለእርድ የሚተርፍ የለም። የጋሽ ሁመድ ሚስት ኸዲጃ ከመጠለያው በተሰፈረላቸው ስንዴ ቂጣ ጋገሩ። ረቡዕም ዓርብም ስላልነበረ የፍየል ወተት ጨመሩልኝ፤ የግመሏን እንደማንጠጣ ካንተ ያውቃሉ። ወተቱ የቀረበልኝ በአንተ ዋንጫ ነው፤ ለክርስቲያኑ ወዳጃቸው ብለው ለይተው ያኖሯት የእንጨት ዋንጫ። በዚያ ዘመን ምንጣፉም ጌጡም ተሽጦ ሲያልቅ እሷን አልሸጧትም። ጠጥቼ ስጨርስ ኸዲጃ አጥበው መልሰው ሰቀሏት። «ይቺ የሱ ናት፤ ላንቺ ሌላ አስጠርባለሁ» አሉኝ።

መጋለቤን ሲሰሙ «ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። አባዬ እንደሚለው ዓይነት ጎበዝ። ከዚያ ወዲያው ወደ አንተ ዞሩ። እንዴት እንደ ዘለልክ፣ ከዚያ ደግሞ ገመዱን እየሳብክ ከግመሏ ጋር እንዴት እንደምትጨቃጨቅ፣ እየሳቁ፣ እያለቀሱ። በመጨረሻ የቆላ ንዳድ ይዞህ ስትቃጠል ኸዲጃ ጨርቅ እያራሱ ግንባርህ ላይ ሲያኖሩ አደሩ። ስትሞት ቄስ የለ፤ ጋሽ ሁመድ ክርስቲያን እንዴት እንደሚቀበር ጨነቃቸው። ስትጸልይ ወደ ምሥራቅ ዞረህ እንደ ነበር ትዝ ሲላቸው ፊትህን ወደዚያ አደረጉት። መቃብርህ ራት ከበላንበት ቅርብ ነው። እኔ ብጮህም ሳልወርድ ግመሏን ጋለብኩ፤ እነሱ የወደዱት ፈርቶ የዘለለውን ሰው ነው። ያን ጊዜ እንደገና ቀናሁብህ፣ ከድሮው የባሰ።

ለመስቀል ፈቃድ አግኝቼ አገር ቤት ገባሁ። ግመል መጋለቤን ብቻ አስቀድሜ ጽፌላቸው ነበር። ቤቱ እንደ ዱሮው ሰው ሞልቶታል። አባዬ ጠላውን እንደ ያዘ ብድግ አለ። «ወንድሟ የጋለባትን ግመል ይቺም ጋልባ መጣች። እስቲ ንገሪያቸው፣ እንደሱ ሆነልሽ?» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እማዬ ከራስጌዋ ያለውን ኮርቻ ሳታስበው ትዳብሰዋለች፤ ከንፈሯ ሊስቅ ትንሽ ተከፍቷል።

«ኧረ እንደሱስ አልሆነልኝም» አልኩ። «እሱ እጁን አጣምሮ ነበር፤ እኔ ገመዱን አንቄ ይዤ ነው።»

አባዬ «አላልኳችሁም» አለና የአንተን ወሬ ከመጀመሪያው ጀመረው። እማዬ ሳቀች። ጎበዝ እንኳ ሳልባል ቀረሁ። አልዋሽህም፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ከበረሃው ወደ ታች፣ ወደ ጨው ሜዳው የሚወርድ የሕክምና ቡድን አለ፤ ስሜን አስመዝግቤአለሁ። አንተ ጨውህን ከጋሽ ሁመድ ደጅ ትጭን ነበር እንጂ እዚያ ደርሰህ እንደማታውቅ ጠይቄያቸው አረጋግጫለሁ። ከዚያ ስመለስ ዋንጫዬ ተጠርባ ትጠብቀኛለች፤ ከአንተዋ አጠገብ ትሰቀላለች።

እነሱ ግመል ላይ አድርገው ያስታውሱህ። እኔ የማስታውስህ በእግርህ ነው፤ ገመድ እየሳብክ፣ በአሸዋው ላይ እያፏጨህ። ያ ደምሴ የኔ ነው። ከጋሽ ሁመድና ከኸዲጃ በቀር ለማንም አላካፍለውም፤ ለነሱም ቢሆን ቅር እያለኝ።

ታናሽ እህትህ
የሺመቤት