ከአጋሙ ሥር ያለው እርጥበት

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ዛሬ እንደምንም ደፍሬ ከከተማው ኤረር በር ቁልቁል ወደ አዴ ፋጡማ መሬት ወረድኩ። አምና ክረምት ፍየሎቻቸው የሚግጡበትን ተዳፋት ለወይራ ችግኝ እንዲለቁልኝ የለመንኳቸው እኔ የችግኝ ጣቢያው ባለሙያ ነኝ። በጋው አንድም አላስተረፈም። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ማየት አፍሬ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «ና ላሳይህ» ብለው ቀደሙኝ።

የተከልንበት ጉብታ ላይ የክትክታ ቁጥቋጦ ብቻ ቆሟል። ብቆፍረው ስንዝር ሳልዘልቅ ድንጋይ አገኘሁ፤ አፈሩም ዱቄት ነው። ቀጥለው ወደ ታች፣ ተዳፋቱ ወደሚያልቅበት ጎድጓዳ ቦታ ወሰዱኝ። እዚያ የአጋም ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ ለምልሟል። ክንዴ እስኪገባ ቆፈርኩ። አፈሩን ስጨብጠው ሳይበተን እጄ ላይ ተጣበቀ፤ ዝናብ ከጠፋ ሳምንታት ቢያልፉም ርጥብ ነው።

«ዝናቡ ላይኛው ላይ ይወርዳል፤ የሚያድረው ግን እዚህ ነው» አሉኝ።

«አምና ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ ልጄ?»

ጉድጓዱን መልሼ እየደፈንኩ፣ ሐምሌ ሲገባ በአጋሙ መሃል ሃያ ችግኝ ብንሞክርስ አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

ይጸድቁ እንደሆነ ገና አላውቅም። ፍየሎቹም እንዳይጨርሷቸው ፈርቼ ነበር። አዴ ፋጡማ ግን «አጋም እሾሃም ነው፤ ይጠብቅልናል» አሉኝ። «ይጠብቅልሃል» አላሉም።