ዳቦ ቆራሹ አቶ ዋልተር ድሪንግ

አቶ ዋልተር ድሪንግ ከአባታቸው ከአቶ አምብሮዝ ድሪንግ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄፍዚባ ሊክ፣ በእንግሊዝ አገር በሊንከንሸር፣ በዚህችው በስኬልዊክ መንደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 1921 ተወለዱ። እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው እዚሁ ተምረው፣ ከዚያ በኋላ ከአባታቸው ጋር ድንች ሲለቅሙ ቆዩ።

ጦርነቱ ሲመጣ በፈቃዳቸው አየር ኃይል ገቡ። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን የጅራት ተኳሽ ሆነው የሚነሡበት ሜዳ ከእናታቸው ጓሮ ይታይ ነበር። በነሐሴ 1943 አውሮፕላናቸው ጀርመን ላይ ተመታ። ስድስቱ ጓደኞቻቸው ሞቱ፤ እርሳቸው በጃንጥላ ወርደው ተማረኩ።

በምርኮኞች ሰፈር አንድ ጥቁር ዳቦ ለስምንት ሰው ይሰጥ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ የቆረሰ ሰው መጨረሻ ያነሣል። የራበው ሰው ቢላ ለማንም አምኖ አይሰጥም፤ እነዚያ ሰዎች ግን ሁለት ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ቢላውን ለዋልተር ሰጡ።

በ1945 ቆዳና አጥንት ሆነው ሲመለሱ፣ በመንደሩ አዳራሽ የዘማቾች ስም ሰሌዳ ተሰቅሎ ጠበቃቸው። የእርሳቸው ስም የለበትም። ዝርዝሩን ያወጡት የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ፐርሲቫል ጎድሰን ነበሩ። እኚህ ጀግና ጦርነቱን ከዚሁ ከስኬልዊክ ሳይነቃነቁ፣ የብርድ ልብስ መጋዘን ቁልፍ ይዘው የተፋለሙ ናቸው። ስማቸው ከሁሉ በላይ፣ አንደኛ ላይ ሰፍሯል። ያኔ የዋልተር እጮኛ የነበሩት ወይዘሮ ኢዲት ሄደው ቢጠይቋቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ ሰሌዳው ለተዋጋ ነው። ቁጭ ብሎ የጠላት ዳቦ ለበላ አይደለም" አሏቸው። መንደሩም ሰምቶ ሳቀ።

አቶ ዋልተር በ1946 ወይዘሮ ኢዲትን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አደሉ፤ የሳቁባቸውን ሰዎች ደብዳቤ እንኳ አንድ ቀን አላዘገዩም። ወይዘሮ ኢዲት ግን ያንን ሳቅ አልረሱም፤ አዳራሹንም ዳግም አልረገጡም።

በ1995 የድሉ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበርና የቴሌቪዥን ሰዎች ምርኮኛው የታለ ሲሉ፣ አቶ ጎድሰን ዓይናቸውን በጨው ታጥበው መጡ። ከሰሌዳው ግርጌ አንድ ቦታ ተርፋለች አሉ። ወይዘሮ ኢዲት በሩን ፊታቸው ላይ ዘጉት።

አቶ ዋልተር ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 1998 በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት ባለቤታቸውን ጠርተው፣ "ኢዲት፣ ከታች ይጻፉኝ። ቆራሽ መጨረሻ ነው የሚያነሣው" አሏቸው። ወይዘሮ ኢዲትም በዚያ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

እንግዲህ ስማቸው ነገ ከግርጌ ይቀረጻል። እኛም ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ቦታቸው እዚያ መሆኑን ወደናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዳቦ ከማይጎድልበት ማዕድ ያስቀምጥልን። ዛሬም ከፊተኛው ወንበር ለተቀመጡት ለአቶ ጎድሰን ደግሞ፣ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ደጋግመው እንዲያነቡት ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።