እየቀዘቀዘ የሚሟሟ ዩሪያ

ሰኞ፣ የካቲት 9
ከክፍል አስወጣኋት። ደግ አደረግሁ። ሙሉን ነው፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንደኛ የምትወጣዋን። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ነበር፦ ያለማንም ግፊት በራሱ የሚካሄድ ለውጥ ሁሉ ሙቀት ያወጣል። ከሰል ሲነድ፣ ኖራ ውሃ ሲነካው... ምሳሌ እየደረደርኩ ሳለ እጇን አወጣች።
«ቲቸር፣ ዩሪያስ? ማንም ሳያሞቀው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ውሃውን ግን በረዶ ያደርገዋል።»
ክፍሉ ሳቀ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ። የማዳበሪያ ወሬሽን ገበያ ወስደሽ አውሪ አልኳት። «በእጄ ነክቼዋለሁ እኮ» ብላ ድርቅ አለች። አባትሽን ሳታመጪ እንዳትገቢ!
ጎንደር ለሚደረገው የሳይንስ ውድድር ከእኛ ከድብ ባሕር ትምህርት ቤት የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። የእሷን ስም ሰርዤ የሁለተኛውን ልጅ ጻፍኩ። ምክንያት፦ ሥነ ምግባር የላትም። ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10
አልመጣችም። ራሴን አሞኛል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለሌላው ክፍልም ደገምኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪን እንዲሁ ሳስተምር ማንም ተቃውሞኝ አያውቅም። ይኼንንም እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት!

ረቡዕ፣ የካቲት 11
አባቷ አያ ታከለ መጡ። ከሌሊት ጀምረው ሲጓዙ ነው የደረሱት። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።
«ምነው መምህር፣ ልጄ ምን አጠፋች? ስድብ ወጥቷት እንደሁ እኔው እቀጣታለሁ። በዩሪያው ከሆነ ግን እውነቷን ነው። የግብርና ሠራተኛዋ እንዳሳየችን፣ የከብቶቹን ገለባ ለማለስለስ የምንረጨውን የዩሪያ ውሃ በርሜል ውስጥ የምትበጠብጠው ልጄ ናት። እጇ እስኪደነዝዝ።»
ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ እፍኝ ዩሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ሸጋ አድርገው ይዩት» አሉ።
እኔስ? «አባት፣ ይህ ሳይንስ ነው፤ ለማንኛውም ይቅር ብያታለሁ፣ ትግባ» አልኩ። አመስግነውኝ ሄዱ። ምን ሰጥቻቸው ይሆን የሚያመሰግኑኝ?
የውድድሩ ዝርዝር ከሰዓት ወደ ጎንደር ተላከ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12
ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ቴርሞሜትር፣ ከአያ ታከለ ዩሪያ ግማሹ። በጠበጥኩት። ከሃያ ዲግሪ ወደ ስምንት ወረደ! ማንም ሳይገፋው ሟሟ፤ እየቀዘቀዘ።
የናቁት ያደርጋል ራቁት።
የሚያንገበግበኝ ደግሞ አለማወቄ አይደለም። አውቀዋለሁ! ሙቀት ብቻውን አይወስንም። በዩሪያው ፍሬ ውስጥ ተደርድረው የተቀመጡት ሞለኪውሎች ውሃ ውስጥ ይበተናሉ፤ የዚያ መበተን መጠን ነው ኤንትሮፒ የሚባለው። መበተኑ በቴምፕሬቸሩ ሲባዛ ለውጡ ከሚጠባው ሙቀት ከበለጠ፣ ለውጡ እየቀዘቀዘም ቢሆን በራሱ ይሄዳል። ቀመሩ የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ አለ፤ በየዓመቱ ተማሪ አሸመድድበታለሁ። አንድ ቀን ግን ብርጭቆ ውስጥ አይቼው አላውቅም። እሷ በርሜል ሙሉ አይታዋለች።
ርዕሰ መምህሩ ጋ ሮጥኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ስሟን እንመልስ አልኩት።
«ዝርዝሩ ከሄደ በኋላ? ሥነ ምግባር የላትም ብለህ የፈረምከው እኮ አንተ ነህ» አለኝ።
እጄን በቆረጠው!

ዓርብ፣ የካቲት 13
ክፍሉ ፊት የሰኞውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፍኩና ሰረዝኩት። ሙሉ ትክክል ነበረች፣ እኔ ተሳስቻለሁ አልኩ። የቀረውን ዩሪያ በጠበጥኩ። ተማሪዎቹ እየተጋፉ ነኩት፣ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ትንሽ ደስ አለኝ፤ አይ እኔ! ብርጭቆውን ይዤ እሷ ወደተቀመጠችበት የኋላ ወንበር ሄድኩና ንኪው አልኳት።
«እኔማ አውቀዋለሁ፣ ቲቸር» አለች። አልነካችውም። ቀጥላ በቀስታ፣ «ጎንደር የሚሄደው ማን ነው?» አለች።
ነገርኳት። አንገቷን ደፋች። ማልቀስ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።
ለውድድሩ አዘጋጆች ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሰኞ በመጀመሪያው ማኪና ራሴ ይዤው ጎንደር እሄዳለሁ። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ አላውቅም። ቢቀበሉኝስ ትሄዳለች ወይ? እሷን መጠየቁን አፍሬ ተውኩት።