ሽማግሌ የተላከበት ጆርናል

የካ፣ ወሰን
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለአምሃ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? የሕንድ ሙቀት በረደልህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ የተናደደ ሰው ደህና ከተባለ።

የላክካቸው ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጋሽ አባይነህ የእድራችን ሊቀመንበር ስለሆኑ አልገረመኝም። ባለሱቁን ጋሽ ጠሀን መጨመርህ ግን ነገሩን የቱን ያህል እንደፈራኸው አሳየኝ። ሚስት አኩርፋ ስትሄድ ሽማግሌ ሲላክ አውቃለሁ፤ ለጆርናል ሽማግሌ የላከ የመጀመሪያው ሰው ግን አንተ ሳትሆን አትቀርም።

"ተቀመጡ" ስላቸው "እሺ ሳትይን አንቀመጥም" አሉ። እኔም አልተቀመጥኩም። ሦስታችንም ሳሎኑ መሃል ተገትረን ቀረን።

"ልጄ፣" አሉ ጋሽ አባይነህ፣ "ጽሑፋችን የወጣበት ጆርናል የታመነ አይደለም ብለሽ ለኮሌጅሽ ያስገባሽውን ደብዳቤ መልሰሽ ውሰጂ። ነገሩ ሕንድ ከደረሰ ባልሽ ዶክትሬቱን አያገኝም አሉ። በገዛ እጅሽ ትጥይዋለሽ?"

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ አንተም ደግመህ ስማው። ለእኔ ዕድገት፣ ለአንተም ዶክትሬት የሚቆጠረውን ጽሑፋችንን ስንልክ፣ ጆርናሉ ገጹ ላይ የታመኑ ጆርናሎችን የሚመዘግበውን ኢንዴክስ ምልክት ስለለጠፈ አመንነው። ሌባን "ሌባ ነህ ወይ?" ብለን ጠይቀን "አይደለሁም" ሲለን ተመለስን። በኋላ አብራኝ የምታስተምረው ኢልሃም ጽሑፏን የት እንደምትልክ ስትጠይቀኝ፣ የእኛን ጆርናል ጠቆምኳት። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን በስልኳ የኢንዴክሱን የራሱን ገጽ ከፈተች።

"ነፂ፣ ይሄ እኮ ዲስኮንቲኒውድ ነው የሚለው። ከዝርዝሩ ያስወጡት የእናንተ ከመታተሙ በፊት ነው" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ጠሀ "ለእኔ ቢጤ ነጋዴ በሚገባው ንገሪኝ" አሉ።

"ንግድ ፈቃዱ ተሰርዞበት፣ የድሮውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚሸጥ ሰው ማለት ነው። እኔና አምሃ ደህናውን እህላችንን እሱ ሱቅ አስገባን።"

ጋሽ ጠሀ ትንሽ አሰቡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ አባይነህ ገላመጧቸው።

"ምን ላድርግ? ዋሺ ልንላት ነው እንዴ የመጣነው?" አሉ ጋሽ ጠሀ። ጋሽ አባይነህም ቆይተው ተቀመጡ።

ስለዚህ ደብዳቤዬን መልሼ አልወስድም። ጽሑፉን ከዕድገት ማመልከቻዬ አውጥቻለሁ፤ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱም አብሮ ይቅር። እናትህ ጎረቤቱን ሁሉ "ምራቴ ፕሮፌሰር ሆነች" ብለው ስለጨረሱ እሳቸውን ማስረዳቱ ይከብደኛል፤ ቢሆንም አስረዳቸዋለሁ። አንተም ኮሌጁ ሳይቀድምህ ለአማካሪህ ራስህ ንገር።

የሚያንገበግበኝ ሥራችን እውነተኛ መሆኑ ነው። የእንጦጦን ምንጮች የለካነው እኔና አንተ ነን። ወይዘሮ በለጡ ውሻቸውን አስረው ምንጫቸውን ያስለኩን፣ አንተ ጭቃ ላይ ወድቀህ እንኳ የውሃውን ጠርሙስ ሽቅብ ይዘህ የተነሳኸው ውሸት አልነበረም። ጽሑፉን እንዲያነሱት ለጆርናሉ ጽፌያለሁ። ሲያነሱት እንደገና አዘጋጅተን ወደ ትክክለኛ ጆርናል እንላከው፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፍጅ። ካልፈለግክ ብቻዬን እልከዋለሁ፤ ስምህን ግን አላወጣም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጋሽ አባይነህ በር ላይ እጄን ይዘው "እሱም እኮ አላወቀም፣ ልጄ፤ ተታሎ ነው" አሉኝ።

"አዎ፣ ተታሎ ነው" አልኳቸው።

ደውዬ የነገርኩህ ቀን ግን "እውነት ነው?" አላልከኝም፣ አምሃ። "ማን ነገረሽ?" ነው ያልከኝ።

እመቤቴ ትጠብቅህ፤ ልብህንም ትመልስልኝ።

ሚስትህ ነፃነት